የቤት ጠጅ በቆላ፦ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ሙቀት ጠጅ እንዳይሆመጥጥ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ጉዞ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መንገደኛው ካፖርቱን ያወልቃል፤ ከደጋ ይዞት የወረደውን የጠጅ አጣጣል ልማድ ግን እምብዛም አይለውጥም። በቆላ ጠጅ ቶሎ እንዲሆመጥጥ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የወይን እርሻ ሲነሣ በዝዋይ የተቋቋመውና የመጀመሪያ የወይን ጠጁን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበው የካስቴል እርሻ ይጠቀሳል። ይህ ግን የኩባንያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንድ ቤተሰብ በራሱ ቀፎና በራሱ ጋን ሊሠራው የሚችለው የማር ጠጅ ነው።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር ከ3 እስከ 5 እጅ ውሃ ይበረዝና በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። ከዚያም የሰፈፈው ሰም ይገፈፋል። ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ከተከተፈ ጌሾ ጋር ከፈላ በኋላ በሚገባ ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ ትኩሱን መመለስ እርሾውን ይገድላል። ማር ለመቆጠብ ብሎ ውሃ ማብዛትም ለቆላ አይበጅም፤ አልኮሉ የሳሳ ጠጅ ለኮምጣጤ የተመቸ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በቀን ቆጠራው ላይ ነው። በደጋ ከ15 እስከ 20 ቀን የሚፈጀው መፍላት በሞቃት ቦታ በ5 ቀን ገደማ ሊያበቃ ይችላል። እርሾ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራል፤ ከ35 ሲያልፍ ይደክማል። ኮምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ግን ሙቀትና አየር ካገኙ ይበረታሉ። ስለዚህ ባለቤቲቱ ቀኑን ትታ ጋኑን ትመልከት። አረፋው ሲበርድ፣ ጆሮ ሲያስጠጉ የሚሰማው ድምፅ ሲጠፋና ጣፋጭነቱ ሲቀንስ ጠጁ ሳይዘገይ ይጠለልና በንጹሕ ዕቃ እስከ አፉ ይሞላ። በመፍላት ላይ ያለውን ግን አጥብቆ መክደን ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ሙቀቱን ለመቀነስ ማሽን አያሻም። ጋኑ በጓዳ ጥላ፣ እስከ ወገቡ በእርጥብ አሸዋ ተቀብሮ፣ ላዩ በእርጥብ ጆንያ ቢጠቀለል ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራትም ለሥራው ይሻላሉ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማር ሲረከቡ የማር እንጀራው በሰም የተከደነ መሆኑን ያረጋግጡ። ያልበሰለና የውሃ መጠኑ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ማር በመጋዘን ውስጥ ሳለ መፍላት ይጀምራል።

የልማት ሠራተኛው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በይፋት ቆላ ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ጠጅ አይጥሉም። በእነዚህ ቤቶች የሚፈለገው ምክር ስለ ማር ጥራትና ስለ ብርዝ ነው። ብርዝ በዚህ ሙቀት ካደረ መፍላት ስለሚጀምር በተበረዘበት ቀን ይጠጣ።