ፔል ግራንት፦ ለታራሚም የተፈቀደ የትምህርት ድጎማ

አሜሪካ የሚኖር ወገን ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት ፋፍሳ የሚሉትን ማመልከቻ ሲሞላ ከፔል ግራንት ጋር ይተዋወቃል። የፌዴራሉ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጠው፣ እንደ ብድር የማይመለስ ድጎማ ነው። እስር ቤት ያለ ሰውም ሊያገኘው እንደሚችል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ድጎማው በአውሮፓውያኑ 1972 ሲጀመር ታራሚን አይለይም ነበር። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የወንጀል ሕግ ከለከላቸው፤ በየእስር ቤቱ የነበሩ የኮሌጅ ትምህርቶችም ከጥቂቶቹ በቀር ተዘጉ።

ለክልከላው የቀረበው ምክንያት ዛሬም ይሰማል፦ «ሕግ አክባሪው የድሃ ልጅ እያለ እንዴት ለወንጀለኛ ይከፈላል?» ቁጣው ይገባኛል፤ ስሌቱ ግን ስህተት ነው። ፔል ግራንት ቀድሞ የደረሰ የሚያነሳው፣ የዘገየ የሚያጣው ድግስ አይደለም። መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ እንደ ችግሩ መጠን ያገኛል፤ የታራሚው ድርሻ ከማንም ልጅ ላይ አይቀነስም። የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) የኦዲት መሥሪያ ቤት በዚያው በ1994 ጉዳዩን መርምሮ፣ ታራሚዎች ባይወስዱ ኖሮ ድጎማ ተከልክሎ የነበረ አንድም ሌላ ተማሪ ባላገኘ ነበር ብሏል። ተጠቃሚ ታራሚዎቹ 23,000 ያህል ነበሩ፤ የወሰዱት ከጠቅላላው ወጪ አንድ በመቶ አይሞላም። «እስረኛው ገንዘቡን በኪሱ ይከታል» የሚሉም ተሳስተዋል። የሚከፈለው ለኮሌጁ ነው፤ ከትምህርት ክፍያ፣ ከመጻሕፍትና ከመማሪያ ቁሳቁስ ወጪ አያልፍም፤ ለታራሚው እጅ በእጅ የሚሰጠው ትራፊም የለም።

ጥቅሙንም ማየት ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2013 ባወጣው ግምገማ፣ በእስር ላይ ሳሉ የተማሩ ሰዎች ዳግም ወደ ጥፋት የመመለስ ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። በ2015 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ጥበቃው በጠበቀ እስር ቤት ሆነው የባርድ ኮሌጅን ትምህርት የሚከታተሉ ታራሚዎች የሃርቫርድን ተከራካሪዎች ረቱ።

በ2020 የወጣ ሕግ ክልከላውን አንስቶ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ኮሌጁ የመንግሥት ወይም ለትርፍ ያልተቋቋመ፣ የእስር ቤቱ የትምህርት ፕሮግራምም የጸደቀ መሆን አለበት። ከእስር የወጣ ሰው እንደማንኛውም አመልካች ነው፤ በአደንዛዥ ዕፅ መፈረዱም ድጎማውን አያስቀረውም።

ከእስር የወጣ አንድ ወጣት ግን «ሪከርድ ስላለብኝ አይሰጡኝም» ብሎ ቅጹን ሳይከፍት እንደተወው ነግሮኛል። ይህን ያለው ማን እንደሆነ ስጠይቀው «ሁሉም ሰው» አለኝ። እኛም እንወቀስበታለን። ልጅ ሲታሰር ለጠበቃ እናዋጣለን፣ ነገሩ እንዳይሰማ እንደባብቃለን፤ ትምህርቱን የሚያነሳ ግን የለም።

የታሰረ ዘመድ ያላችሁ፣ በቀጣዩ ጥየቃችሁ እዚያ የኮሌጅ ትምህርት መኖሩን ጠይቁት። የተፈታውን ፋፍሳ አስሞሉት፤ መሙያው በነጻ ነው፣ ለማንም አትክፈሉ። ሳይከፍል የቆየ የፌዴራል የተማሪ ብድር ካለበት አስቀድሞ መስመር ያስይዘው፤ ድጎማውን የሚያስከለክለው ሪከርዱ ሳይሆን ያ ነው።