እርሳስና ላጲስ፦ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ለምን ይንከባለላል?

ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ ከሆነ ይህን ሳታዩ አትቀሩም፦ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ይቆማል፤ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። መኪናው ፍሬን አለው አይደል? ታዲያ ድንጋዩ ለምን አስፈለገ?

ለመልሱ አንድ ደብተር፣ ክብ እርሳስና ላጲስ ይበቃችኋል። ደብተሩን በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ አድርጉና ሁለቱን ላዩ ላይ አስቀምጧቸው። ላጲሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እርሳሱ ግን ተንከባሎ ይወርዳል። የመሬት ስበት ሁለቱንም ቁልቁል ይስባቸዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ላጲሱ ለመውረድ የግድ መንሸራተት አለበት፤ ሰበቃ ደግሞ ይይዘዋል። እርሳሱ መንሸራተት አያስፈልገውም፤ ይዞራል፣ በቃ።

መኪና ማለት እንግዲህ እርሳሶች ላይ የተቀመጠ ከባድ ዕቃ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው መዞር ያቆማል፤ እርሳሱን ወደ ላጲስ ቀየርነው ማለት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ በቀላሉ ስለማይንሸራተት መኪናው ባለበት ይቆማል። ጥያቄው፦ ላጲሱ ተመልሶ እርሳስ ቢሆንስ?

እስቲ እናስላው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ቆሟል እንበል። መኪናውን ቁልቁል የሚጎትተው ኃይል ወደ 120 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል፤ ከአንድ ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ይህ ኃይል አይደክመውም፤ ሾፌሩ እንቅልፍ ላይ እያለም ሌሊቱን ሙሉ ይጎትታል። መኪናው ቢለቀቅና 50 ሜትር ቢወርድ፣ ሰበቃን ለጊዜው ብንተወው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ታች ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ካሉ ምን እንደሚከተል አስቡት። መንከባለል የጀመረ መኪናን ፊቱ ቆሞ በእጅ ለመያዝ መሞከር የማይገባውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ሾፌር በአንድ መያዣ ብቻ አይተማመንም።

የመጀመሪያው የእጅ ፍሬን ነው። በብዙ መኪኖች የኋላ ሁለቱን ጎማዎች በሽቦ ገመድ ይይዛል፤ ገመዱ ደግሞ በጊዜ ብዛት ይላላል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ረጅም ቁልቁለት የወረደ መኪና የፍሬን ዲስኩ ይግላል፤ የጋለ ብረት ይሰፋል። መኪናው ከቆመ በኋላ ዲስኩ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይኮማተራል፤ ያኔ የእጅ ፍሬኑ አያያዝ ሊላላ ይችላል። መኪናው ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ብቻውን የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። በሚገባ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማርሽ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ከገባ፣ ጎማው ለመዞር ሞተሩን አብሮ ማዞር አለበት። በአንደኛ ማርሽ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ከ10 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በየዙሩም ፒስተኖቹ አየር መጭመቅ አለባቸው። ይህ ጎማውን ያስቸግረዋል። የመኪናው ፊት ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ይገባል። ለምን መሰላችሁ? አንድ ሰው ረስቶ ሞተሩን ቢያስነሳ እንኳ መኪናው የሚገፋው ወደ ላይ ነው።

አውቶማቲክ መኪና ላይ «ፒ» ስናደርግ ካምቢዮው ውስጥ አንዲት የብረት ጥርስ ገብታ ትቆልፈዋለች። የመኪናው ሸክም ሁሉ እሷ ላይ እንዳይወድቅ፣ የእግር ፍሬን እንደተረገጠ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ «ፒ» ከዚያ ይከተላል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም አየር የሚጨምቅ ሞተር ስለሌላቸው የእጅ ፍሬናቸው ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ብልህ ነው፦ የፊት ጎማዎችን አቅጣጫ ማዞር። ይህኛው መኪናውን አይዝም፤ ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። እንደኛ በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ ቁልቁል ስንቆም መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ መኪናው ቢነሳ ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ተደግፎ ይቆማል። ወደ ዳገት ስንቆም ግን መሪው ወደ ግራ ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲል የፊት ጎማው ጀርባ ጠርዙን ያገኘዋል። ጠርዝ ከሌለ በሁለቱም ወደ ቀኝ እናዞራለን፤ መኪናው ቢነሳ ወደ መንገዱ ዳር እንጂ ወደ መሃል አይገባም። በተራሮቿ የታወቀችው ሳን ፍራንሲስኮ ተዳፋቱ ከ3 በመቶ በላይ በሆነ መንገድ ሁሉ ጎማ ማዞርን በሕግ ታስገድዳለች። 3 በመቶ በዓይን ሲያዩት ሜዳ ይመስላል እኮ!

አሁን የረዳቱ ድንጋይ ገባችሁ አይደል? ድንጋዩ፣ ማለትም ታኮው፣ ከገመዱም ከማርሹም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ መያዣ ነው። እነሱ ቢበላሹ እሱ አብሮ አይበላሽም። የሚቀመጠው በቁልቁለቱ በኩል ነው፤ ክብ ድንጋይ ራሱ እርሳስ ስለሚሆን ጠፍጣፋና ባለ ማዕዘን ይመረጣል። ሲኬድም ይነሳል፤ መንገድ ላይ የቀረ ድንጋይ ለሞተር ሳይክል አደጋ ነው።

ነገ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ስታዩ የፊት ጎማዎቹን ተመልከቱና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ መኪና አሁን ቢለቀቅ ወዴት ይሄድ ነበር?