በስትሮክ የተጎዳውን ወገናችንን በቤቱ እንዴት እንርዳው?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ በስትሮክ የተጎዳ ሰው «ምች መታው» ሊባል ይችላል። ስትሮክ ግን ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ከዋና ዋና መንሥኤዎቹም አንዱ የደም ግፊት ነው። አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲተሳሰር ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ ያሻል።

ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላስ? በዚህ ገደላማ አገር ለእንቅስቃሴ ሕክምና በየሳምንቱ መመላለስ ለአብዛኛው ገበሬ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ አሠልጣኙ ቤተሰቡ፣ ዋናው ሠራተኛም ራሱ ሕመምተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማኅበረሰብ ተሐድሶ መምሪያም ቤተሰብን አሠልጣኝ ያደርጋል።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረን ፍቅራችን ነው። ልጆች አባታቸውን ለማክበር ሲሉ ያጎርሱታል፣ ያለብሱታል፣ ተሸክመው ያወጡታል። አንጎል ግን ያጣውን የሚማረው በመደጋገም ነው። (በቅፍርናሆም ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ሲመለስ ግን አልጋውን የተሸከመው ራሱ ነበር።) ሸሚዙን ለመልበስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበትም ታገሡት፤ የደከመውን እጅ አስቀድሞ ያስገባ። መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን መሬት አስረግጦ ወደ ኋላ ሳብ ያድርግ፤ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎም መነሣትና መቀመጥ ይለማመድ። አንድ ሰው በደካማው ጎኑ ይቁምለት። የዛለውን ክንድ ይዛችሁ ግን አትጎትቱ፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ምስር መልቀምና የበግ ጠጉር ማፍታታት ለጣቶቹ መልካም ልምምድ ነው።

ሲበላ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ተጋድሞ አይጉረስ። ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ጨውም ይቀነስ።

ከተጸለየለት በኋላ ተሻለኝ ብሎ የግፊቱን ኪኒን የሚያቆም ወገን አለ። የምንጸልይለት እኛው ልንነግረው ይገባል፦ የደም ግፊት ሳያሳምም ይኖራል፤ ኪኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ሌላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

መናገር ያቃተው ሰው አእምሮውን ያጣ አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ይረዳልም። በፊቱ እንደሌለ አድርጋችሁ አታውሩበት። የፕሮጀክት ሠራተኞችም ቤቱ ስትገቡ መጀመሪያ «አባቴ፣ ምን መሥራት ይሻሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ፣ ሌላው በጎቹን በረት ሲገቡ መቁጠር ይመኝ ይሆናል። ልምምዱን ከዚያ ጀምሩ።