ጫጩቷን ከቅርፊቷ አታውጧት

የየብስ ኤሊ እንቁላል እንደ ዶሮ እንቁላል አይገላበጥም። አናቱን በእርሳስ ምልክት አድርጉና እንደተቀመጠ ወደ መፈልፈያ ማሽኑ አስገቡት። ለሱልካታ ዝርያ ሙቀቱ ከ28 እስከ 31 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ገደማ ይሁን፤ ውሃ ግን እንቁላሉ ላይ አይንጠብጠብ።

ጫጩቷ ቅርፊቱን ሰብራ አንድ ሁለት ቀን እዚያው ብትቆይ አትጎትቷት! ሆዷ ላይ ያለውን አስኳል ወደ ውስጥ እየሳበች ነው። ወጥታም አስኳሉ ካልገባ በረጠበ ሶፍት ላይ ትቆይ፤ አሸዋ ላይ ከተላጠ ይመረቅዛል።

«የበረሃ እንስሳ ናት፣ ደረቅ ቦታ ይስማማታል» የሚለውን ምክር አልቀበልም። የቪየና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የሱልካታን ጀርባ በይበልጥ ያጎባበጠው ደረቅ አየር እንጂ የፕሮቲን ብዛት አልነበረም። ስለዚህ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ ከአገጯ በማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጧት።