በአመክሮ ያሉ ልጆችና ሐሰት መርማሪው መኪና

አንድ ነጋዴ በዕቃ ቤት ጠባቂው ላይ እንዳይሠራበት ሕግ የከለከለውን መኪና አንድ ዳኛ በ14 ዓመት ልጅ ላይ እንዲሠራበት ሊያዝ ይገባዋልን? ይህ ነገር በአሜሪካ አገር በሕግ ዐዋቂዎችና በሐኪሞች መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣ ስለ ሆነ፤ የአስተዳደርም ሆነ የንግድ ሥራ ለያዙ አንባቢዎቻችን ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

መኪናው ፖሊግራፍ ይባላል። ጆን ላርሰን የተባለ የፖሊስ ባልደረባ በ1921 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፤ በበርክሌይ ከተማ ሠራው። ዛሬ ሲሠራበት በተመርማሪው ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ፤ በደረቱ ላይ የትንፋሽ መለኪያ፤ በጣቶቹ ላይ ላብን የሚለይ ሽቦ ይታሰርና፤ ሰውየው ሲጠየቅ የሚታየው ለውጥ ሁሉ ይመዘገባል። እንግዲህ መኪናው የሚጽፈው የልብ ምትንና ላብን እንጂ ሐሰትን አይደለም። ፈሪ ሰው እውነት ሲናገርም ያልበዋል። በአገራችን በጥንት ዘመን ሌባ ሻይ መድኃኒት ጠጥቶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ነው ይባል እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፤ ሽቦው ቢጨመርም ነገሩ እምብዛም አይገርመውም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፤ ስለ አንድ የታወቀ ድርጊት ሲጠየቅበት መኪናው በዕጣ ከመገመት በጣም የተሻለ፤ ከፍጹምነት ግን እጅግ የራቀ መሆኑን ገልጿል። ያጠፋኸው ነገር አለን ተብሎ በጅምላ ሲጠየቅበት ደግሞ ይብሱን ደካማ ነው። ከዚያም በፊት በ1988 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፤ ከጥቂት ነገሮች በቀር፤ የግል አሠሪ ሠራተኛውን በዚህ መኪና እንዳይመረምር ከልክሏል። ዕቃ ጠፍቶ ሌባ በሚፈለግበት ጊዜ እንኳ ሠራተኛው አልመረመርም በማለቱ ብቻ ከሥራ ሊወጣ አይችልም።

ልጆቹ ግን ይመረመራሉ። በብዙ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት፤ በተለይ ክብረ ንጽሕናን በመድፈር ጥፋተኞች የተባሉ ልጆች፤ ከቤታቸው እየኖሩ በአመክሮ ሹም ሲጠበቁ በየጊዜው ከመኪናው ፊት ይቀርባሉ። የሚጠየቁትም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በጅምላው መንገድ ነው። ልጁ በፈቃዱ ፈረመ ይባላል፤ እምቢ ቢል ግን የዳኛ ትእዛዝ አፈረሰ ተብሎ ወደ ማረሚያ ቤት ሊላክ እንደሚችል ያውቃል። ይህን ፈቃድ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ልጅ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ የተወሰነው በሌላ አመክሮኛ ልጅ ነገር ነበር። ጄራልድ ጎልት የተባለው የ15 ዓመት ልጅ በ1964 ዓ.ም. በአሪዞና በአመክሮ ላይ ሳለ ለጎረቤት ሴት በስልክ የነውር ቃል ተናግሯል ተብሎ፤ ከሳሿ ፍርድ ቤት ሳትቀርብ፤ እስከ 21 ዓመቱ በማረሚያ ቤት እንዲቈይ ተፈረደበት። ዐዋቂ ሰው ቢሆን ቅጣቱ ከ50 ዶላር ወይም ከሁለት ወር እስራት አያልፍም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ዓ.ም. ፍርዱን ሻረው።

የመኪናው ደጋፊዎች ልጆቹ ከፊቱ ሲቀርቡ ሰውረውት የነበረውን ይናገራሉ፤ ያልታወቁ ተበዳዮችም ይገኛሉ ይላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተበደለ ሕፃን ካለ ሊታወቅ ይገባዋል። ነገር ግን ከፍርሃት የሚወጣ ቃል ምን እንደሚሆን የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት አይቶታል። በ1990 ዓ.ም. በፒክስኪል ከተማ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ጠበቃም ወላጅም ሳይኖር ለብዙ ሰዓት በዚህ መኪና ተመርምሮ፤ ወደቅህ ሲባል ያልፈጸመውን ግድያ ፈጸምሁ አለ። እውነተኛው ገዳይ በደም ዘር ምርመራ ታውቆ በ2006 ዓ.ም. እስኪፈታ ድረስ 16 ዓመት ያህል ታሰረ።

የእንግሊዝ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፤ ከእስር በገደብ የሚለቀቁ የክብረ ንጽሕና ወንጀለኞች በፖሊግራፍ እንዲመረመሩ ሲፈቅድ፤ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ለይቶ አውጥቷል፤ ዐዋቂው በምርመራው ጊዜ የተናገረውም ሆነ መኪናው የጻፈው በወንጀል ክርክር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብበት ከልክሏል።