በስልክ የመጣ ስጦታ ግብር አለበት?

ድሮ ለዘመድ ገንዘብ ለመላክ መንገደኛ ይፈለግ ነበር። ታማኝ ሰው እስኪገኝ ወር ያልፋል። ዛሬ ግን ገንዘብ በስልክ ይላካል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀመሩ። ልጅ ከከተማ ይልካል፤ እናት ከመንደሯ ሳትርቅ ትቀበላለች።

ታዲያ ከገንዘቡ ጋር ሥጋትም አብሮ ይመጣል። «ስልኩ ሁሉን ይመዘግባል። ግብር ክፈሉ ብንባልስ?» የሚል ጥያቄ ሰምተናል። ፈርተን ልጃችንን «ተው፣ አትላክ» እንበለው? አንበለው። ለምን?

የገቢ ግብር የሚከፈለው ሠርተን፣ ነግደን ወይም አከራይተን ካገኘነው ገቢ ነው። ስጦታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሰጪው በፈቃዱ ይሰጣል፤ በምትኩ እህል፣ ከብት ወይም ጉልበት አይቀበልም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ስጦታንና ውርስን ከገቢ ግብር ነፃ አድርጓል። ስሙ ስጦታ ተብሎ ነገሩ ግን ደመወዝ፣ ንግድ ወይም ኪራይ ከሆነ ነፃ አይሆንም።

እንግዲህ የሚጠየቀው ገንዘቡ በምን መጣ ሳይሆን ስለ ምን መጣ ነው። እህል በአህያም ቢመጣ በሰው ሸክምም ቢመጣ ያው እህል ነው። ስልክም እንደ አህያዋ ነው፤ ያደርሳል እንጂ ጭነቱን አይለውጥም።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ልጇ ለፋሲካ 2000 ብር በስልክ ላከላት። ይህ ስጦታ ነው፤ የገቢ ግብር የለበትም። ጎረቤቷ ደግሞ በግ ከገበያ እየገዛ አትርፎ ይሸጣል። አንዱ ገዢ 9000 ብር በስልክ ላከለት። ይህ የንግድ ገንዘብ ነው። «ስጦታ ነው» ብሎ ቢደብቅ ሕግ ይጠይቀዋል። እናቲቱም በደረሳት ብር ሱቅ ብትከፍት፣ ስጦታው ነፃ ነው፤ የሱቁ ትርፍ ግን በንግድ ግብር ይታያል።

ገንዘብ ሲላክ ወይም ከወኪል ሲወጣ ጥቂት ሂሳብ ሊቆረጥ ይችላል። ይህ የአገልግሎት ዋጋ ነው እንጂ የስጦታ ግብር አይደለም።

ከአታላይም እንጠንቀቅ። ደውሎ «ስጦታ ደርሶሃል፤ መጀመሪያ ግብሩን ላክ» ወይም «የምስጢር ቁጥርህን ንገረኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። የምስጢር ቁጥር እንደ ቤት ቁልፍ ነው፤ ለማንም አይሰጥም። ግብር የሚከፈለው በሕግ ለተመደበው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲከፈልም ደረሰኝ አለው። ያልገባን ነገር ቢኖር ወደ ወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደን እንጠይቅ።

ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው። መልእክት ሲመጣ ሌላ ሰው ከማስነበብ ራሳችን እናንብበው። ከማን መጣ? ስንት ብር ነው? መቼ ደረሰ? አንብበንም አናጥፋው። ነገ ጠያቂ ቢመጣ ምስክራችን እርሱ ነው።