ግንዱ ላይ ያለው አረንጓዴ ስሙ ማን ነው?

ወደ አምቦ ሲጓዙ ጊንጪ ላይ ቆም ካሉ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን የጭሊሞ ደን አለልዎት። ልጆችዎ ረጃጅሙን ጥድና ዝግባ ቀና ብለው ሲያዩ፣ እርስዎ ያረጀ ወይራ ፈልገው ግንዱን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ቅርፊቱን ያለበሰው አረንጓዴ ምንጣፍ ሞስ ይባላል። ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው ግራጫ «የዛፍ ሽበት» ግን ሞስ አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ሌላ ፍጥረት ነው። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፣ አበባም አያወጣም። ከዛፉም ምግብ አይወስድም፤ የሚኖረው በዝናብና በጭጋግ ነው። ስለዚህ ግቢዎ ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ በቢላ መፋቅ አያስፈልግዎትም።

ልጅዎ «ይሄኛው እስከ ዛሬ ማንም ያላወቀው ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅዎትስ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አጥኚው ከሞሱ ጥቂት ቆንጥሮ በወረቀት ፖስታ ያደርቃል፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የዛፉን ዓይነትና ቀኑን ይጽፍበታል። የደረቀው ሞስ ከዓመታት በኋላ እንኳ ውኃ ጠብ ሲልበት ቅጠሎቹን መልሶ ይዘረጋል። (ለልጆች ከዚህ የተሻለ ትርዒት አላውቅም።) ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ ይመጣል። የቅጠሉ ሴሎች ቅርጽ ይታያል፤ ብናኝ የሚያክሉትን መራቢያዎች የያዘችው ትንሽ ሙዳይም ትፈተሻለች። በሙዳይዋ አፍ ዙሪያ ጥርስ መሳይ ነገሮች ተደርድረዋል፤ በብዙዎቹ ሞሶች 16 ናቸው። ዝርያን ከዝርያ ለመለየት እነዚህ ጥርሶች ትልቅ ምስክር ናቸው።

ከባዱ ማመሳከሩ ነው። የሞስ ስም የሚቆጠረው ዮሐን ሄድቪግ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1801 ከታተመው መጽሐፉ ጀምሮ ነው። «አዲስ ነው» ለማለት ከዚያ ወዲህ ከተሰየሙት የቅርብ ዘመዶቹ ጋር ማስተያየት ግድ ይላል። የእኛ አገር የቆዩ ናሙናዎች ደግሞ ብዙዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈው ጀርመናዊ ቪልሄልም ሺምፐር የሰበሰባቸውን ዕፅዋት ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። የአጎቱ ልጅ ፊሊፕ ሺምፐርም በስትራስቡርግ የታወቀ የሞስ ሊቅ ነበር። የዘመድ ሥራ ማለት ይህ ነው!

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አለው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገቡበት ባለ 8 ቅጽ ሥራም ተጠናቋል። ሞሶች ግን አልገቡበትም።

ያረጀ ወይራ ሲቆረጥ በቅርፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። በምትኩ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅርፊቱን እየላጠ ይጥላል፤ ሞስ የሚይዘው ቦታ ያጣል። ስም ሳይወጣለት የጠፋ ካለ፣ መጥፋቱንም የሚያውቅ የለም።

በሚቀጥለው ጉዞዎ አጉሊ መነጽርና ውኃ ይያዙ። በበጋ ከሄዱ ሞሱ ተጨማትሮ ያገኙታል፤ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡበትና ከልጆችዎ ጋር ይጠብቁ። ቅርፊቱን ግን አይላጡ።